የአሮጌው ፒካፕ ሞተርና የሻጭ ዝምታ

የሽሮ ሜዳን የሸማ ገበያ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ በዚያ ሠፈር ሸማ የለመደ ገዢ ዓይኑን ብቻ አምኖ አይገዛም። ነጠላውን ዘርግቶ ወደ ብርሃን ያነሣዋል፤ በጣቱ ይዳስሰዋል፤ ማጉ የእጅ ፈትል ነው ወይስ የፋብሪካ ክር ብሎ ይጠይቃል። የፋብሪካ ክር መሸጥ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የእጅ ፈትል ነው ብሎ መሸጡ ነው። ይህን ያነሣሁት ስለ ሸማ ለመጻፍ ብዬ ሳይሆን፣ በዚሁ ገበያ በንግድ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንድ አባት ባለፈው ክረምት ይዘውልኝ የመጡት ጥያቄ ከዚሁ ጋር አንድ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

እኒህ ሰው ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ ገዝተው ነበር። ክርና ሸማ ሲያመላልሱባት ከቆዩ በኋላ አሁን ዕድሜያቸው ስለ ገፋ ሊሸጧት አሰቡ። ገዢም አላጡም፤ የጎረቤታቸው ልጅ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ያለ አሮጌ መኪና ሁሉ ፈላጊው በዝቷል። ሰውየው ከሽያጩ በፊት መኪናዋን ለአንድ መካኒክ አሳዩ። መካኒኩም ኮፈኑን ከፍቶ፣ የሞተሩን ጎን በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ጠርጎ ካነበበ በኋላ፣ «ይህ ሞተር የዚህች መኪና አይደለም» አላቸው።

«አባ፣ ሞተሩ ግን ከመጀመሪያው የተሻለ ነው ብሎኛል። ታዲያ መናገር አለብኝን?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት መካኒኩ ምን አይቶ እንዲህ እንዳለ መረዳት ይጠቅማል፤ ሙያውን የማያውቅ ሰው የሚሰጠው ፍርድ ብዙውን ጊዜ ከሜዳው ውጭ ይወድቃልና። በእንዲህ ያለች መኪና ላይ ሦስት ምስክሮች አሉ። የመጀመሪያው በሞተሩ ክፍል ውስጥ የተለጠፈው የፋብሪካው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ነው። በዚህ ላይ የመኪናዋ ሞዴል፣ የሻንሲ ቁጥሯና የሞተሩ ዓይነት ከነይዘቱ ተጽፎ ይገኛል። ሞዴሉ «ኤል ኤን» ብሎ የሚጀምር ከሆነ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ኤል ከሚባለው የናፍጣ ሞተር ቤተሰብ አንዱ ተገጥሞላት ነበር ማለት ነው፤ «አር ኤን» ከሆነ ግን የቤንዚን ናት። ሁለተኛው ምስክር በሻንሲው ብረት ላይ የተመታው ቁጥር ነው። ሦስተኛው ደግሞ በሞተሩ ብሎክ ላይ፣ ለዚሁ ተብሎ በተስተካከለ ጠፍጣፋ ስፍራ የተመታው የሞተር ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ ብሎኩ ሲቀለጥ አብሮት የወጣ፣ ወደ ውጭ ያበጠ ጽሑፍ አለ፤ እርሱ የሞተሩ መለያ አይደለም። መለያው በብረቱ ውስጥ ተመትቶ የሰመጠው ነው። ፊደሎቹ ተራቸው የተዛባ፣ ወይም ስፍራው በሞረድ የተፋቀ መስሎ ከታየ ነገሩ ከሞተር ለውጥ አልፎ ወደ ሌላ ጥርጣሬ ያመራል።

እነዚህን የሚያስታርቀው ሊብሬው ነው። የፋብሪካው ሰሌዳ የሞተሩን ዓይነት እንጂ ተራ ቁጥሩን አይናገርም። ስለዚህ አንድ ሰው ሞተሩን አውጥቶ በዚያው ዓይነት ሌላ ሞተር ቢተካው ሰሌዳው ምንም አያጋልጠውም፤ የሚያጋልጠው በሊብሬው ላይ የሰፈረው የሞተር ቁጥር ነው። በሽሮ ሜዳዋ ፒካፕ ላይ ግን ሁለቱም ተናገሩ። ሰሌዳውም ሊብሬውም «2ኤል» ሲሉ፣ ማለትም 2,446 ኩብ ሳንቲ ሜትር የሚይዘው ሞተር ነው ሲሉ፣ ብሎኩ «3ኤል» አለ፤ ይኸውም 2,779 የሚይዘው ነው። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለ ሆኑ አንዱ በሌላው ቦታ ያለ ብዙ ችግር ይቀመጣል፤ ከላይ ለሚያይም ለመለየት ያስቸግራሉ። የኤል ሞተሮች ሲግሉ ቴስታታቸው መሰንጠቁ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ከማሳደስ ይልቅ ሌላ ሞተር ገዝቶ መግጠምን የሚመርጥ ባለ መኪና ጥቂት አይደለም።

ታዲያ ሞተሯ የተለወጠባት መኪና ያችው መኪና ናትን? ይህ ጥያቄ አሮጌ ነው። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው የአቴና ሰዎች የቴሴዎስን መርከብ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ እየተኩ ለብዙ ዘመን ጠብቀዋት ነበር፤ ፈላስፎችም ያችው ናት፣ አይደለችም እያሉ ይከራከሩባት ነበር። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1655 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው፦ አንድ ሰው የወጡትን አሮጌ ሳንቃዎች ሰብስቦ ሌላ መርከብ ቢሠራባቸውስ፣ የትኛዋ ናት የቴሴዎስ? ይህ የተማሪ ቤት እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ጋራዦቻችን በየዕለቱ የሚሠሩት ነው። ከዚያች ፒካፕ የወጣው 2ኤል ታድሶ ዛሬ በሌላ መኪና ውስጥ ይሠራ ይሆናል፤ የተተካው 3ኤልም ከሌላ መኪና የወጣ ነው። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ስለ ሙታን ትንሣኤ ሲያስተምር የእሳትን ምሳሌ ያመጣል፤ እንጨቱ እያለቀ ሌላ ቢጨመርም እሳቱ አንድ እሳት ሆኖ ይቆያል። የሰው ሥጋም እንዲሁ ዘወትር ይታደሳል፤ ሰውየው ግን ያው ነው።

ነገር ግን መኪና ነፍስ የላትም፤ አንድነቷን የሚጠብቅላት ከውስጧ የሆነ ነገር የለም። ስለዚህም ሰዎች በስምምነት አንድነቷን በሻንሲው ላይ አኖሩት፤ በኔ አስተያየትም መልካም አደረጉ። በዚህ ስምምነት መሠረት ፒካፗ ያችው ናት፤ ሞተሩም ቢለወጥ እንግዳ አትሆንም። ሞተር መለወጥም በራሱ ሐሰት አይደለም፤ ለሚመዘግበው መሥሪያ ቤት አስታውቆ፣ አዲሱን ቁጥር በሊብሬው ላይ አስፍሮ መሄድ ይቻላል። የሰውየው ጥያቄ ስለ መርከብ ሳይሆን ስለ ዝምታ ነበር።

ስለ ዝምታ ደግሞ ቅዱስ ቶማስ በሱማ ቴዎሎጂካ ውስጥ ስለ መሸጥና መግዛት በጻፈው ክፍል በግልጽ ተናግሯል። ጉድለቱ ለዓይን የሚታይ ከሆነ፣ አንድ ዓይኑ እንደ ጠፋ ፈረስ ያለ ከሆነ፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ከተቀነሰ፣ ሻጭ መለፍለፍ አይገባውም። የተሰወረ ሆኖ በገዢው ላይ ጉዳት ወይም አደጋ የሚያመጣ ከሆነ ግን መናገር ግዴታው ነው። የአገራችንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለተሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ ያደርገዋል፤ ጉድለቱን በተንኮል የሰወረ ሻጭም ዋስትናውን በውል ቢያስቀር ውሉ አያድነውም።

«የተሻለ ሞተር እንዴት ጉድለት ይባላል?» ይሉኝ ነበር ሰውየው። ብረቱ የተሻለ መሆኑን አልክድም። ጉዳቱ ያለው ግን በወረቀቱ ላይ ነው። ልጁ ገንዘቡን ከፍሎ ስሙን ሊያዛውር ሲሄድ መርማሪው የሞተሩንና የሊብሬውን ቁጥር ያስተያያል፤ ያን ጊዜ ይህ ሞተር ከየት መጣ ተብሎ የሚጠየቀው ልጁ ነው። ምናልባትም የተሰረቀ መኪና ሞተር ቢሆንስ? ይህን ማንም አያውቅም፤ አለማወቁ ራሱ ልጁ ሳይነገረው የሚሸከመው ዕዳ ነው።

ሰውየው ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ እውነተኛ ሕመማቸውን አወጡት። «አባ፣ እኔም ሳይነገረኝ ነው የገዛሁት። በውክልና ገዝቼ ስሙን እንኳ አላዞርኩም። ለቦሎ በየዓመቱ ሳቀርባት ፍሬኗንና መብራቷን አይተው ነው የሚሸኙኝ። ኪሳራውን እኔ ብቻ ለምን ልሸከም?»

ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ በችኮላ ልመልሰውም አልፈለግሁም። ልጆችን የምናስተምር ሁላችን «አትስረቅ» የሚለውን ስናስረዳ ሌባውን ሁልጊዜ እንደ እንግዳ ሰው እንሥለዋለን፤ ሌባው የተሰረቀ ሰው ሲሆን ግን ቃላችን ይጠፋናል። የእኒህ ሰው ቅሬታ ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን የሚመለከተው የሸጠላቸውን ሰው እንጂ የሚገዛቸውን ልጅ አይደለም። እኔን ያታለለኝ ሌላ፣ እኔ የማታልለው ሌላ። ቅዱስ ቶማስ ሳያውቅ የሸጠ ሰው ኃጢአት የለበትም፣ ባወቀ ጊዜ ግን ገዢውን ሊክስ ይገባዋል ይላል። የቀድሞው ሻጭም ምናልባት ሳያውቅ ሸጦ ይሆናል። ቢሆንም በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ማንም አልጠየቀውም፤ እኒህ ሰውም አልጠየቁትም። ለገዢም እንዲሁ አንድ ቃል አለው፤ ሻጩ መዳብ መስሎት ወርቅ ሲሸጥ እያወቀ ዝም ብሎ የገዛ ሰው በግፍ ገዛ ይላል። ስለዚህ ልጁም ሞተሩ ከተጻፈው የሚበልጥ መሆኑን ካወቀ በኋላ ወረቀቱን ብቻ እያነሣ ዋጋውን ያለ ልክ ሊያወርድ አይገባውም። ይህን ለሰውየው ስነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ።

በማግሥቱ ለልጁ ነገሩት። ልጁ ጥቂት ዝም አለ፤ ከዚያም የእጅ ባትሪ ይዞ መጥቶ ኮፈኑን አስከፍቶ ቁጥሩን ራሱ አነበበ። እገዛለሁም አልገዛምም አላለም፤ ቁጥሩ በሊብሬው ላይ ከተስተካከለ ብቻ እንደሚነጋገር ተናገረ። ለዚህ ደግሞ ሊብሬው በስማቸው ያለው የቀድሞው ባለ መኪና ያስፈልጋሉ። ሰውየው ሲፈልጓቸው ሰንብተው በመስከረም አገኟቸው፤ ሞተሩን የገዙት ከአንድ መለዋወጫ ነጋዴ እንደ ሆነ፣ ለመደበቅም እንዳላሰቡ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑንም ተቀብለው እንደ ነበር ነገሯቸው። ወረቀቱ ከቤታቸው ዕቃ ሣጥኖች በአንደኛው ውስጥ መሆን አለበት ብለው እየፈለጉ ነው። ፒካፗም እስካሁን በሽሮ ሜዳ በሰውየው ደጃፍ ቆማለች።