ንዴቱ ሳይበርድ መታዘዝ

በ1853 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ዐፄ ቴዎድሮስ ከሸፈተባቸው የቅርብ ዘመዳቸው ከጋረድ ክንፉ ጋር ደባርቅ አካባቢ ተዋጉ። ከጥቂት ወራት በፊት የጋረድ ሰዎች የንጉሡን ወዳጅ፣ እንግሊዛዊውን ቆንስል ፕላውደንን፣ ጎንደር አጠገብ አቁስለውት በቁስሉ ሞቶ ነበር። በደባርቁ ውጊያ ደግሞ ሌላው ወዳጃቸው ጆን ቤል፣ አገሬው ሊቀ መኳስ ዮሐንስ የሚለው፣ ንጉሡን ሲከላከል ወደቀ። ጋረድም ሞተ፤ ድሉ የንጉሡ ሆነ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ በዚያ ዘመን ከነበሩት ብዙ ውጊያዎች አንዱ ተብሎ ይታለፍ ነበር። ንጉሡ ግን በወዳጆቻቸው ሐዘን ተቃጥለው የተማረኩትን ሰዎች በመቶዎች አስፈጁ።

ይህን የማነሣው ቴዎድሮስን ለመክሰስ አይደለም። እኒያ ሰው እግዚአብሔርን የማያውቁ አልነበሩም። በልጅነታቸው ገዳም ገብተው ተምረዋል፤ ዳዊት ይደግማሉ። ከደባርቁ ውጊያ 5 ዓመት ከ8 ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ የካቲት 1847 ዓ.ም.፣ እዚሁ ሰሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም ላይ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ነግሠዋል። ማንም የእግዚአብሔር ትእዛዝ ምን እንደሚል ሊያስተምራቸው አያስፈልግም ነበር። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ትእዛዙን በቃሉ የሚያውቅ፣ ጾሙን የማይገድፍ ሰው፣ አንጀቱ ባረረባት በዚያች ሰዓት ማንን እንደሚታዘዝ አስቀድሞ ካልቆረጠ፣ የሚታዘዘው አንጀቱን ነው።

ከደባርቅ እስከ ዳባት፣ ከጨነቅ በታች ካሉት የገብስ ማሳዎች እስከ ጃን አሞራ ድረስ ይህ ነገር ዛሬም በየቤታችን አለ። ጎረቤት ድንበር ገፋ፤ የሰው ከብት አዝመራ ውስጥ አደረ፤ ጠላ ቤት ውስጥ አንድ የስድብ ቃል ወጣች። ሁለቱም ሰዎች ክርስቲያኖች ናቸው። ምናልባትም የአንድ ደብር ልጆች፣ የአንድ ማኅበር ጽዋ ጠጪዎች ናቸው። ሲመሽ አንዱ ወድቆ ይገኛል። ከዚያ ገዳዩ በረሃ ይገባል፤ የሟች ወንድም ማሳውን ጥሎ መሣሪያ ፍለጋ ይዞራል፤ ገና ያልተወለደ ልጅ ደመላሽ የሚል ስም ይጠብቀዋል። ምን ሆነህ ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፦ ደሜ ፈላ። ይህን መልስ እንደ በቂ ምክንያት መቀበላችን ራሱ ጥፋት ነው። የደም መፍላት የማንንም እጅ አያስርም፤ ማንንም ነጻ አያወጣም።

መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 25ን እስኪ ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ በጎች በሚረቡበት አገር ላለ ሰው የሚከብድ ታሪክ አይደለም። ናባል 3000 በጎች የነበሩት ባለጸጋ ነው። በሸለታ ቀን ዳዊት መልእክተኞች ልኮ ስንቅ ይለምነዋል። የዳዊት ሰዎች እረኞቹን በምድረ በዳ ሲጠብቁለት ከርመዋል፤ ልመናው ያለ ውለታ የመጣ አልነበረም። ናባል ግን ዳዊትን ከጌታው እንደ ኮበለለ ባሪያ ቆጥሮ ሰደበው። ዳዊት ይህን ሲሰማ 400 ሰው አስታጥቆ ተነሣ፤ እስኪነጋ ድረስ ከናባል ቤት አንድ ወንድ ላያስቀር ማለ። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው በፊተኛው ምዕራፍ ሳኦልን በዋሻ ውስጥ አግኝቶት፣ መግደል ሲችል፣ እግዚአብሔርን ፈርቶ የተወው ዳዊት ነው። ትልቁን ፈተና ያለፈ ሰው በትንሿ ስድብ ሊወድቅ ደረሰ። እኛም እንዲሁ ነን፤ ለታላቁ መከራ ጸሎት እንይዛለን፣ ለጎረቤት ስድብ ግን ሳንዘጋጅ እንገኛለን።

ዳዊትን ያዳነችው የናባል ሚስት አቢግያ ናት። እንጀራውን፣ ጠጁን፣ የተዘጋጁትን በጎች በአህያ ጭና መንገድ ላይ ጠበቀችው፤ በግምባሯም ተደፋች። ባሏ ክፉ መሆኑን አልካደችም። ለዳዊት የነገረችው ይህን ነው፦ እግዚአብሔር የሚፈርድልህ ሰው ነህና፣ ነገ ስትነግሥ በከንቱ ያፈሰስኸው ደም ልብህን እንዳይወጋው። ዳዊት ሰማት። 400 ሰው ከኋላው ቆሞ እያየው፣ የማለውን መሐላ ትቶ፣ ከመንገዱ ተመለሰ። በእኔ ግምት በዳዊት ዕድሜ ውስጥ ጎልያድን ከጣለበት ቀን ይልቅ ይህ ቀን ይበልጣል። ጎልያድን ሲጥል ሕዝቡ ሁሉ አጨበጨበለት፤ እዚህ ግን በጓደኞቹ ፊት የራሱን ቃል ማጠፍ ነበረበት።

ዳዊት የሚደግሙት ንጉሥ በደባርቁ ሜዳ ላይ አቢግያ አጠገባቸው አልነበረችም። ብዙዎች እንደ ጻፉት የቴዎድሮስን ቁጣ ታበርድ የነበረችው ባለቤታቸው ተዋበች በ1850 ዓ.ም. አርፋለች። ቁጣው እያደር እየባሰ ሄዶ መቅደላ ላይ፣ በ1860 ዓ.ም. በጸሎተ ሐሙስ ቀን፣ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበት በሚታሰብበት ዕለት፣ እስረኞች ወደ ገደል ተጣሉ። ማግስቱ ስቅለት ነበር።

እናቶቼ፣ እኅቶቼ፣ ስለዚህ ቃሌ መጀመሪያ ወደ እናንተ ነው። በለቅሶ ቤት የሚነገረውን እናውቀዋለን። ሟች ሲነሣ ሙሾው ወደ ወንድሙ ይዞራል፤ ቀበቶ የታጠቀ ሁሉ ወንድ አይደለም ይባላል፤ ልጁ ጎረምሳ ሲሆን የአባቱ ደም እንዳልደረቀ ይነገረዋል። ያ ልጅ በራሱ ንዴት ብቻ አይደለም የሚገድለው፤ በእናንተ ግጥም ጭምር ነው። አቢግያ ባትኖር በማግስቱ ስንት ሴት መበለት ትሆን ነበር? ልጃችሁ መሣሪያውን ሲያነሣ በሩ ላይ ቁሙ። በእግዜር ይዤሃለሁ በሉት። ወንዶችም ይህ ቃል ሲወጣ ማክበር አለባችሁ፤ ሴት ከለከለችው ተብሎ የሚናቅ ካለ፣ ዳዊትም ተከልክሏል።

ከዚህ የሚከብደው ቁጣ መንፈሳዊ ቅናት መስሎ የሚመጣው ነው። ጴጥሮስ በጌቴሴማኒ ሰይፍ የመዘዘው ጌታውን ስለሚወድ ነው። ፍቅሩ እውነተኛ ነበር፤ ያደረገውን ግን ማንም አላዘዘውም። ጌታ ሰይፉን እንዲመልስ አዝዞት የተቆረጠውን ጆሮ ፈወሰ። ዛሬ ስለ ሃይማኖቴ ነው፣ ስለ ወገኔ ነው እያልን በፌስቡክ የምንጽፈውን፣ በገበያ የምንጮኸውን በዚህ እንመዝነው። ለክርስቶስ ስንል ጆሮ ከቆረጥን፣ እርሱ ወዲያው ሊፈውስ ጎንበስ የሚልለትን ሰው ነው የቆረጥነው።

አንድ የተለመደ ሰበብ አለ፦ ልቤ ሲረጋ ይቅር እላለሁ፤ አሁን ብል ግብዝነት ይሆንብኛል። ይህ ሰው እውነተኛ ለመሆን ፈልጎ ነው፤ ግን ነገሩን ገልብጦታል። ጌታ በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ አዝና ነበር፤ ላቡ እንደ ደም ወዝቷል። ሐዘኑ እስኪያልፍ አልጠበቀም፤ እያዘነ ታዘዘ። መታዘዝ ውስጥ ግብዝነት የለም። ሌሊቱን ሙሉ ቁጣህ ሲነድ ቢያድርና አንተ ግን ከቤትህ ባትወጣ፣ ያቺ ሌሊት በእግዚአብሔር ፊት ትልቅ መሥዋዕት ናት። በሊማሊሞ ጉም ሲወርድ መንገዱን የሚያውቅ በቅሎውን አቁሞ ይጠብቃል፤ ጉሙን ሊገፋ አይታገልም፣ ገደሉ የለም ብሎም አይራመድም። ስለዚህ ንዴት በተነሣ ጊዜ አትወስን፣ አትሂድ፣ አትጠጣ፣ ስልክ አትደውል። ጩኸትህን ወደ እግዚአብሔር አዙረው። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ጠላቱን የሚከስስ፣ ለምን ዘገየህ ብሎ እግዚአብሔርን የሚጠይቅ ስንት ምዕራፍ አለ! ያ ሁሉ የተጻፈው ንዴታችን የሚሄድበት ቦታ እንዲያገኝ ይመስለኛል።

ይህን ስል በደልን ዝም ብላችሁ ቻሉ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ባሏ የሚደበድባትን ሴት ለእግዚአብሔር መታዘዝ ማለት ዱላውን መቀበል ነው ብሎ የሚያስተምራት ካለ ያሳስታታል፤ ትሽሽ፣ ትክሰስ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዳባት ወረዳ ጭና ሲደርስ ሰላማዊ ገበሬዎች ተገድለው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀብረዋል። ያ ሐዘን ፍርድ ይገባዋል፤ ፍርድ መጠየቅም ኃጢአት አይደለም። ኃጢአት የሚሆነው ባልገደለ ሰው ላይ፣ ቋንቋው ከገዳዩ ቋንቋ ጋር ስለተመሳሰለ ብቻ፣ እጅ ስናነሣ ነው። ያዘነ ልብ ይህን ልዩነት ማየት ይከብደዋል። ትእዛዙ የሚያስፈልገንም ልባችን ማየት በማይችልበት በዚያ ቀን ነው።

አባቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ሥርዓት አበጅተውልናል። የገዳዩ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ይንበረከካል፤ ሽማግሌና ካህን መስቀል ይዘው መካከል ይቆማሉ፤ ካሳ ይቆረጣል፤ ደም ይደርቃል። ማንኛቸውም የሟቹ ወገን ልቡ እስኪለሰልስ አልጠበቁም። መጀመሪያ እግሩ ወደ እርቁ ቦታ ይሄዳል፣ ልብ ከኋላ ይደርሳል፤ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጅበታል። በትውፊታችን ቅዱስ ያሬድ ሲያዜም የንጉሥ ገብረ መስቀል ጦር እግሩን ወግቶት ደሙ ፈሰሰ። ንጉሡ ደንግጦ የፈለግኸውን ለምነኝ አለው። ደሙ የፈሰሰው ሰው ካሳ አልቆረጠም፤ በዝማሬና በጸሎት ይኖር ዘንድ እንዲያሰናብተው ብቻ ለመነ፤ የመጣውም ወደ እነዚሁ የሰሜን ተራሮች ነው። ግንቦት 11 ዝክሩን ስናደርግ በቂም የያዝነውን ሰው ወደ ዝክሩ ጠርተነዋል?

ካህናት አባቶቼ፣ የነፍስ ልጃችሁ ደመኛ እንዳለው እያወቃችሁ ስለ ጾሙ ብቻ አትጠይቁት። ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ ጌታ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ መጀመሪያ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ አዝዟልና፣ እናንተም መልሱት፤ ቢቀየማችሁም መልሱት። የማኅበር ሙሴዎችም የተጣሉ ሰዎች በአንድ ጽዋ ሲቀመጡ አይታችሁ ዝም አትበሉ።

አንተም በዚህ ሰዓት የተጣላኸው ሰው ያለህ ወንድሜ፣ ስሙን ለነፍስ አባትህ ንገር። መሣሪያህን ከቤትህ አውጥተህ ከማይሰጥህ ሰው ዘንድ አስቀምጥ። ሽማግሌ ከመጣብህ በመጀመሪያው ቀን ተቀበለው፤ ሦስት ጊዜ ማመላለስ ክብር አይጨምርልህም። ካልመጣብህ አንተ ላክ። ማን ቀድሞ እንደ በደለ እዚያው በሽማግሌው ፊት ይነገራል።