የአዋሽ ኩርባ በስኔሊንግ ምድር ቤት

ስኔሊንግ አቨኒው ከዩኒቨርሲቲ አቨኒው ጋር በሚገናኝበት የሴንት ፖል ጥግ ዛሬ በ2019 የተከፈተው የአሊያንዝ ፊልድ እግር ኳስ ስታዲየም ቆሟል (ዓ.ም. ያልተጻፈባቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከስታዲየሙ በፊት ቦታው የአውቶቡስ ማደሪያ ነበር። ከዚያም በፊት የሁለቱ ከተሞች የትራም ኩባንያ ፉርጎዎቹን ራሱ የሚሠራበትና የሚጠግንበት ወርክሾፕ ነበር። የመጨረሻው ትራም በጁን 1954 ቆመ። ደህና ደህናዎቹ ለሌሎች ከተሞች ተሸጡ፤ አሮጌዎቹ በእሳት ጋዩ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት በሚነድ ትራም ፊት ቆሞ ቼክ ሲቀበል የሚያሳይ ፎቶግራፍ አለ፤ አንዴ ያየው ሰው በቀላሉ አይረሳውም።

ይህ ሁሉ ዛሬ በጎዳናው ላይ የለም። የሚገኘው በሞዴል ነው። በዚያ አገር የባቡር ሞዴል መሥራት የብዙ ጎልማሶች የክረምት ሥራ ነው፤ ውጭው በረዶ ሲሆን ሰዎች ወደ ምድር ቤታቸው ወርደው ሐዲድ ይዘረጋሉ፣ ተራራ ያቆማሉ፣ ጣት የማታህል ጣቢያ ላይ ጣት የማያህል ሰዓት ይሰቅላሉ። ከስኔሊንግ ብዙም ሳይርቅ፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ክበብ ሆኖ የቆየ የባቡር ሞዴል ሙዚየምም አለ። ሠሪዎቹ እውነተኛውን ባቡር «ፕሮቶታይፕ» ይሉታል፤ ዋናው እርሱ ነው፣ የእነርሱ ቅጂው።

ሞዴል የሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ «የትኛውን ዓመት?» የሚለው ነው። አብዛኞቹ በ1950 አካባቢ ያለውን ዘመን ይወዳሉ፤ የእንፋሎቱ ባቡር ሳይሞት ዲዝሉ የመጣበት፣ ሁለቱ ጎን ለጎን የሚታዩበት ጊዜ ነውና። ስለዚህ ሴንት ፖልን የሚሠራ ሰው 1953ን ቢመርጥ አይገርምም። ትራሙ ገና ይሄዳል። ግን በዚያው ዓመት ከስኔሊንግ በስተምሥራቅ ሮንዶ የሚባል የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ነበር። ብዙዎቹ የሰፈሩ ወንዶች ኑሯቸው ከባቡር ነበር፦ በፑልማን ፉርጎዎች አልጋ የሚያነጥፉት፣ በጣቢያው ሻንጣ የሚሸከሙት እነርሱ ነበሩ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አይ-94 የተባለው አውራ ጎዳና ሰፈሩን ለሁለት ሰንጥቆት አለፈ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ተነሡ። በምድር ቤት ውስጥ ፑልማኑን እስከ መስኮቱ መጋረጃ አሳምሮ፣ አልጋውን የሚያነጥፈው ሰው የሚያድርበትን ሰፈር ግን የተወ ሰው ዋሽቷል ማለት ይቻላል?

መልሱ ችኩል መሆን የለበትም፤ መተው በዚህ ሥራ ግዴታ ነውና። በብዛት የሚሠራበት ልክ አንድ ለ87 ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው አሮጌው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 9 ኪሎ ሜትር የሚይዝ ምድር ቤት የለም። ስለዚህ ሠሪው ሁሉ ይቆርጣል፤ የቆረጠውን ግን የመረጠው ራሱ ነው።

ምሳሌው ወደ አገር ቤት የዞረው ያለ ምክንያት አይደለም። ስኔሊንግ ላይ ፋሲካ ምግብ ቤት አለ፤ ለከተማዪቱ ሐበሾች ጎዳናው ባዕድ አይደለም። በአካባቢው ቤት የገዛ፣ ልጅነቱን ድሬዳዋ ያሳለፈ ሰው ይታሰብ። ቤቱን ሲረከብ ምድር ቤቱ ውስጥ የቀድሞው ባለቤት የተወው የባቡር ሞዴል አለ፤ አቧራ የጠጣ፣ ግማሹ የማይሠራ። ሰውየው አፍርሶ ከመጣል ይልቅ አድሶ ምድር ባቡርን ሊያደርገው ወሰነ።

የእድሳቱ መጀመሪያ ከሥነ ምግባር ጋር ግንኙነት የለውም። በበጋ እርጥበት የሚመጥ ማሽን ማስገባት አለበት፤ ያለዚያ እንጨቱ በበጋ አብጦ፣ በክረምት ማሞቂያው ሲያደርቀው ኮማትሮ ሐዲዱን ያጣምመዋል። ጣሪያውን መክደን አለበት፤ አለዚያ ከላይ ሰው በተራመደ ቁጥር አቧራ ይወርዳል። የነሐሱ ሐዲድ ዝገቱ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ በኒኬል ሲልቨር ይለወጣል። ስፋቱም ይቀየራል፦ የቀድሞው 16.5 ሚሊ ሜትር ነበር፤ የእኛ ባቡር ግን በአንድ ሜትር ሐዲድ የሚሄድ ስለነበረ በዚሁ ልክ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ሽቦውም ይታደሳል። በድሮው አሠራር ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ በዚያ ሐዲድ ላይ ያለው ባቡር ሁሉ አብሮ ይነሣል፤ በአዲሱ እያንዳንዱ ባቡር በሆዱ ባለች ዲኮደር በስሙ ሲጠራ ብቻ ይታዘዛል። እስከዚህ ማደስና ማሻሻል አንድ ናቸው።

የሚለያዩት ለገሃር ላይ ነው። የጣቢያው ሕንፃ በ1929 ተመረቀ። የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በፊቱ የቆመው በ1930፣ ለንግሥ በዓሉ ነው። ጣልያን ወስዶ ሮም ውስጥ ተከለው፤ ዘርዓይ ድረስ በ1938 የተቆጣው እዚያ ባየው ጊዜ ነው፤ የተመለሰው በ1960ዎቹ ነው። እንግዲህ 1937ን የመረጠ ሠሪ ባዶ አደባባይ መሥራት አለበት። ባዶ አደባባይ ደግሞ ለማያውቅ ዓይን ያልተጠናቀቀ ሥራ ይመስላል። አንበሳውን ቢያቆመው ያምራል፤ ግን ስርቆቱን ሰረዘው። ይህ ቀላሉ ነው፤ ሌላ ዓመት መርጦ ማምለጥ ይቻላል።

አዋሽ ላይ ግን ማምለጫ የለም። ማንም ሠሪ ይህን መስመር ቢሠራ ገደሉንና ድልድዩን አይተወውም፤ የሞዴሉ ጌጥ እርሱ ነው። በጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በአዋሽ ከተማ አቅራቢያ ባቡሩ ኩርባ ላይ ባለው ድልድይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ሐዲዱን ሳተ፤ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ሆኖ ይጠቀሳል፤ ያም ሆኖ በዚያ የረሃብ ዓመት ብዙ ሳይወራለት አለፈ።

እዚህ ላይ የዕደ ጥበቡ ምክር ከእውነቱ ጋር ይጋጫል። ልምድ ያለው ሠሪ ሁሉ ለጀማሪ የሚነግረው አንድ ነገር አለ፦ ድልድይህን ቀጥ አድርገው። ኩርባ ላይ ያለ ድልድይ ለመሥራት ያስቸግራል፤ ባቡሩ እዚያ ሐዲድ ከሳተ ደግሞ የብዙ መቶ ዶላር ሎኮሞቲቭ ሲሚንቶ ወለል ላይ ነው የሚያርፈው። ምክሩ ትክክል ነው። ሰውየው ቢቀበለው ባቡሩ ያለ ሐሳብ ይሄዳል፤ ድልድዩ ያምራል፤ በዚያች አገር ግን ያ አደጋ ሊደርስ የማይችል ሆነ ማለት ነው።

«ይህ እኮ መጫወቻ ነው» የሚል ሰው ይኖራል፤ ተቃውሞውም ከባድ ነው። ሰው በገዛ ምድር ቤቱ፣ ከሥራ ሲመለስ፣ ሞት የሌለባት አዋሽ ቢኖረው ማንን ጎዳ? ስደተኛ አገሩን በልቡ ሲያድስ የሚያሳምረው ለመዋሸት ሳይሆን ለመኖር ነው። ይህን መንፈግ ጭካኔ ነው።

ሆኖም ዋናው ቆሞ ሳለ የቅጂ ስሕተት ስሕተት ብቻ ነው፤ የፈለገ ሄዶ ያስተያያል። ዋናው ከሌለ ግን ቅጂው ሳይፈልግ ምስክር ይሆናል። በ2016 የተመረቀው አዲሱ ባቡር በሌላ ሐዲድ፣ በሌላ ጣቢያ ይሄዳል፤ ለገሃር አይደርስም። ሴንት ፖል የተወለደው ልጅ አዋሽን የሚያውቃት በዚህች ሰሌዳ ነው። አባቱ ድልድዩን ቀጥ ሲያደርገው የራሱን ትዝታ ብቻ አላሳመረም፤ ልጁ ሊጠይቅ የሚችለውን ጥያቄም አብሮ አነሣበት።

አደጋውን ራሱን መሥራትስ? የተገለበጡ ፉርጎዎች፣ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ የተቀቡ ሬሳዎች? ይህ ከውሸቱ የባሰ ነው፤ ሐዘንን ለእንግዳ ማሳያ ማድረግ ነው።

የሚቀረው ኩርባውን ኩርባ አድርጎ መተው ነው። እርግጥ ነው በሞዴል ላይ ኩርባ ሁሉ ከልኩ በላይ የጠበበ ነው፤ ቦታ የለምና። ዋናው ቁም ነገር ግን ባቡሩ እዚያ ሲደርስ መቀነስ ያለበት መሆኑ ነው። ይህ ደግሞ ዋጋ አለው፦ በመጣ ቁጥር አንድ ሰው ማሰብ አለበት። ዲኮደሩ የፍጥነት ገደብ ስለሚቀበል ሥራውን ለማሽኑ መስጠት ይቻላል፤ ያኔ ባቡሩ በመስመሩ ሁሉ እኩል ያዘግማል፣ አዋሽም እንደሌላው ሜዳ ይሆናል። ወይም የፍጥነቱን መቆጣጠሪያ ከድልድዩ አጠገብ፣ የልጅ እጅ በሚደርስበት ከፍታ መግጠም ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው ሁለት ሜትር ሽቦና አራት ብሎን ነው።