አኮፋዳና የጀርባ ቦርሳ

ረጅም መንገድ በእግር የሚሄድ ሰው ቦርሳውን መጨረሻ ላይ ይምረጥ ይላሉ ልምድ ያላቸው ተጓዦች። አስቀድሞ ዕቃው ይለያል፣ ይመዘናል፤ ቦርሳው የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው፤ ትርፍ ቦታ ያለው ቦርሳ መሞላቱ አይቀርምና። ምክሩ ውስጥ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ፦ ሰው የመንገዱን ሸክም ምን ያህሉን ራሱ ይያዝ? ምን ያህሉንስ ለሌላ ይተው?

ጥያቄው ለኦክላንድና ለሳን ሆዜ ነዋሪ ሩቅ አይደለም። ኦስፕሬይ የተባለው የቦርሳ አምራች እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው ከሳን ሆዜ ተራራውን ተሻግሮ በሚገኘው ሳንታ ክሩዝ ነው። ከሜክሲኮ ድንበር እስከ ካናዳ 2,650 ማይል የሚዘልቀው ፓሲፊክ ክሬስት ትሬይልም ካሊፎርኒያን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያቋርጣል። እዚያ መንገድ ላይ ከምግብ፣ ከውኃና ከነዳጅ በቀር ሸክማቸው ከ4.5 ኪሎ እንዳይበልጥ የጥርስ ብሩሻቸውን እጀታ ሳይቀር የሚቆርጡ አሉ።

ቅለት ነጻነት ነው ይላሉ። ጉልበትና ወገብ ይመሰክሩላቸዋል። ነገር ግን ጥሩ ቦርሳ ሸክምን አያጠፋም፤ ከትከሻ ወደ ዳሌ ያዛውራል እንጂ። ቀላል ቦርሳ ደግሞ ከራስ ወደ ሌላ ሰው ያዛውራል። የተጓዡ ጀርባ የቀለለው በየጥቂት ቀኑ ስንቅ የሚገዛበት ከተማ፣ የተላከለት ጥቅል የሚጠብቅበት ፖስታ ቤት ስላለ ነው። በሰሜን ተራሮችም ጎብኚው ትንሽ ቦርሳ አንግቶ ወደ ግጭ ሲወጣ ድንኳኑ በበቅሎ ጀርባ ላይ ነው፤ ከበቅሎዋ ኋላም ባለቤቷ አለ።

ከእነዚህ ሁሉ የቆየው ቀላል ተጓዥ የኛው የቆሎ ተማሪ ነው። ለቅኔ ጎጃም፣ ለአቋቋም ጎንደር ሲሄድ ደበሎ ለብሶ አኮፋዳውን ያነግታል። አኮፋዳ ባዶውን ይወጣል፤ የሚሞላው ውሻ እየጮኸበት በሚቆምበት የሰው ደጅ ነው። ረሃቡና ብርዱ የሚያስቀና አይደለም። ይሁን እንጂ ተማሪው ቅለቱን ከማን እንዳገኘ መርሳት አይችልም።

ከፍሎ የገዛ ሰው ምን ዕዳ አለበት ይባል ይሆናል። ዋጋ ሒሳብን ይዘጋል፤ ውለታን ግን አይዘጋም።

ለኛ ለስደተኞች ነገሩ ከተራራ ይወርዳል። «በአንድ ሻንጣ መጥቼ ራሴን ቻልኩ» የሚል ታሪክ በየቡናው እንሰማለን። ያ ሻንጣ የቀለለው እናትና አባት የምታስታምም እህት አገር ቤት ስለቀረች ነው። ቀላሉን ቦርሳ መምረጥ ኃጢአት አይደለም፤ ከባዱን መሸከምም ጽድቅ አይሆንም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ እኔ የተውኩትን ማን አነሣው?