ዛፍን መትከልና ዛፍን መጐብኘት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ነቢዩ ዳዊት በ64ኛው መዝሙሩ እግዚአብሔር ምድርን እንደሚጐበኛትና በዝናም እንደሚያረካት ይናገራል። እግዚአብሔር ምድርን የፈጠረው አንድ ጊዜ ነው፤ የሚጐበኛት ግን ዘወትር ነው። የዛሬውም ትምህርታችን ይህ ነው፤ ይኸውም መትከል የአንድ ቀን፥ መጐብኘት ግን የአራቱ ወቅቶች ሥራ መሆኑን ከመንገድ ዳር ዛፎች እንማር ዘንድ ነው።

በአዊ ምድር ከእንጅባራ ተነሥቶ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ዳንግላ የሚወስደውን ጐዳና ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት፤ ሌላው ስሟ ኮሶ በር ነውና ስሟ ራሱ የዛፍ ምስክር ነው። ዛሬ ግን በጐዳናው ግራና ቀኝ በብዛት የሚታዩት ባሕር ዛፍና ዲከረንስ ናቸው። ኮሶውና ወይራው፥ ጽዱና ዋንዛው በተለይ ተጠብቀው የቈዩት በአብያተ ክርስቲያናት ዐጸድና ወደ ደጀ ሰላም በሚያደርሰው መንገድ ዳር ነው። መንገደኛ ይህን መንገድ በአንድ የንግሥ ቀን አይቶ ዐወቅሁት ቢል ገና አላወቀውም። ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን በአራት ወቅት ከፍላ ታስተምራለችና እኛም በአራቱ ወቅት እንጐብኘው።

ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ዘመነ ክረምት ነው። ጉሙ በዛፎቹ ራስ ላይ ይተኛል፤ ቅጠሉ ውኃ ያንጠባጥባል። የችግኝ ወራትም ይህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን በመላ አገራችን ሕዝቡ ችግኝ ለመትከል በአንድ ቀን እንደ ወጣ እናስታውሳለን። ነገር ግን በክረምት ዛፉን የሚጐበኘው ሰማይ ስለ ሆነ የሰው ስንፍና አይገለጥም።

ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ዘመነ መጸው ነው። የመንገዱ ዳር በአበባ ያጌጣል፤ ኋላም አዝመራው ይሰበሰባል። እስከ ኅዳር 5 ባለው በዘመነ ጽጌ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የተሰደደችውን ስደት እናስባለን። ይህን የሚያስብ ሰው የመንገድ ዳር ጥላ ስሙን ለማናውቀው መንገደኛ የሚሰጥ ምጽዋት መሆኑን ያስተውላል።

ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ዘመነ ሐጋይ፥ ማለት በጋ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዐድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን እያሰበ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን የሚያከብረው በዚህ ወቅት ነው። አባቶችን የተሸከመ ፈረስ ከታሰበ፥ አባቶችን ያስጠለለ ዛፍ ሊረሳ አይገባውም። አዝመራው ከተነሣ በኋላ ከብቱ በየሜዳው ይለቀቃል፤ አቧራው ቅጠሉን ይሸፍናል፤ መሬቱም ይደርቃል። በክረምት በእልልታ የተተከለው ችግኝ የሚሞተው በዚህ ወራት ነው። የገደለውም ፀሐይ ብቻ አይደለም፤ ጠያቂ ማጣት ነው።

ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ዘመነ ጸደይ ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 የበለስን ቅርንጫፍ መለስለስና የቅጠሏን መውጣት ምልክት አድርጎ እንዳስተማረ፥ ከበጋው የተረፈው ችግኝ በዚህ ወቅት ያቈጠቍጣል። ስንት ተከላችሁ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በሐምሌ ይገኛል፤ ስንት ጐበኛችሁ ለሚለው ግን መልሱ በግንቦት ይታያል።

በቅዱስ ወንጌል በመንገድ ዳር የቆሙ ሁለት ዛፎች እናገኛለን። አንደኛዋ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 የተጻፈችው በለስ ናት፤ ጌታ ተርቦ ወደ እርስዋ በመጣ ጊዜ ከቅጠል በቀር ምንም አላገኘባትም። ሁለተኛዋ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ያለችው የኢያሪኮ ሾላ ናት። ቁመቱ ያጠረው ዘኬዎስ ጌታን ያየው በእርስዋ ላይ ወጥቶ ነው። ያችን ሾላ የተከላት ወይም ከምሳር ያተረፋት ሰው ማን እንደ ሆነ አልተጻፈም። የመድኃኔ ዓለም መንገድ በሥርዋ እንደሚያልፍ፥ አንድ ኃጢአተኛም በቅርንጫፍዋ ተይዞ ለመዳን እንደሚበቃ ያ ሰው ከየት ያውቃል? ሆኖም ዛፊቱ በሰዓቷ ቆማ ተገኘች።

እንግዲህ በአገራችን ያለውን ነገር እንመልከት። ገበሬው ዲከረንስን መትከሉ ነቀፋ የለበትም። ከአውስትራልያ የመጣው ይህ ዛፍ በ4 ወይም በ5 ዓመት ደርሶ ለከሰል ይሆናል፤ መሬቱንም ያለመልማል፤ በቦታውም ጤፍ ይዘራል፤ የብዙ ቤት እንጀራ ነው። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት በሽታ ገብቶበት ብዙ ገበሬ ስለ ተጐዳ፥ ተስፋን ሁሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ ላይ መጣል እንደማይገባ ተምረናል። የእርሻው ዛፍ ለዕለት እንጀራ ይቈረጥ፤ የዐጸዱና የመንገዱ ዛፍ ግን የትውልድ አደራ ነው።

አባቶቼ ካህናት፥ የሰበካ ጉባኤ አባላትም! ለሕንፃው ገንዘብ ባነሰ ቍጥር ዐይናችን ወደ ዐጸዱ ጽድ የሚሮጥ ከሆነ ፈተና ውስጥ ነን። ጽዱ ተሸጦ የተገዛው ቈርቈሮ እኛው በሕይወት ሳለን ይዝጋል፤ የጽዱን ምትክ ግን የሚያየው የልጅ ልጃችን ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 እግዚአብሔር ከተማን የከበበ ሠራዊት እንኳ ፍሬ የሚሰጠውን ዛፍ በምሳር እንዳያጠፋ አዝዟል። በጦርነት ያልተፈቀደ በሰላም ጊዜ እንዴት ይፈቀዳል?

ስለዚህ በየአጥቢያችሁ የሚመጣው ክረምት ሲደርስ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚያደርሰው መንገድ ግራና ቀኝ ኮሶ፥ ወይራ፥ ጽድና ዋንዛ አሰባጥራችሁ ትከሉ። እያንዳንዱ ሰንበቴና ማኅበር የድርሻውን ዛፎች ይቀበል፤ አጥር ይጠር፤ በጋ ሲገባም በየሰንበቱ ወደ ቅዳሴ የሚመጣው ሰው አንዳንድ ቅል ውኃ ይዞ ይምጣ። ይህ ከድኻውም ከባለጸጋውም አቅም በላይ አይደለም።

ከዚህም የሚበልጥ ተክል አለ። እያንዳንዱ ክርስቲያን ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን በጥምቀት የተተከለ የእግዚአብሔር ችግኝ ነው። በክርስትናው ቀን ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ደስ ይለዋል፤ ያም ክረምቱ ነው። በጋው ግን ይመጣል፤ ችጋር፥ ሐዘን፥ ስደትና የጓደኛ ምክር ልጁን ያደርቁታል። ያን ጊዜ የንስሐ አባቱ የት ነበረ? የክርስትና አባቱስ ማን ብሎ ጠየቀው? ጌታ በመጨረሻው ቀን ታምሜ ጠይቃችሁኛልን ብሎ እንደሚመረምረን እናውቃለን። ቍጥሩን በመዝገብ ጽፈን ሰውየውን በቤቱ ያልጠየቅነው እንደ ሆነ፥ ተክለን ጥለን እንደ ሄድን ይቈጠርብናል።

በክረምት የተከልነውን በበጋ ለመጐብኘት፥ በጥምቀት የወለድነውንም በመከራው ቀን ለመጠየቅ አምላካችን ያብቃን። የእመቤታችን አማላጅነት፥ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።