ስለ ጉዎ ጁ ልጅ

በቻይና ሀገር ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ሕፃናት ግብረ ገብ ይማሩባቸው ከነበሩት መጻሕፍት መካከል፣ ወላጆቻቸውን በማክበር አርአያ የሆኑ የሃያ አራት ሰዎችን ታሪክ የሚተርከው አንዱ ነው። ሰብሳቢው በዩዋን ነገሥታት ዘመን፣ ይኸውም እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ከ1271 እስከ 1368 ባለው ጊዜ የኖረው ጉዎ ጁጂንግ እንደ ሆነ በልማድ ይነገራል፤ ኋላም ፊደል ያልቈጠረ ልጅ እንኳ በዓይኑ እንዲረዳው ሥዕል እየተጨመረበት በየቤቱ ገባ። በውስጡ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። የስድስት ዓመቱ ሉ ጂ በእንግድነት በሄደበት ቤት የቀረበለትን ብርቱካን ለእናቱ ሊወስድላት በእጅጌው ሸሸገና፣ ለመሰናበት እጅ ሲነሣ ፍሬው ከእጅጌው ወርዶ ከባለቤቱ ፊት ወደቀ፤ ሁዋንግ ሺያንግ የተባለው ብላቴና ደግሞ በሙቀት ወራት የአባቱን ትራስ በማራገቢያ ያበርድ፣ በብርድ ወራት ምንጣፉን በገላው ያሞቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ታሪክ ለልጁ የማያነብ አባት ይኖራል ብዬ አላምንም።

ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ጉዎ ጁም አለ። ጉዎ ጁ ድኻ ነበረ፤ አሮጊት እናቱም ከምትመገበው ምግብ ላይ እየቀነሰች ለሦስት ዓመቱ የልጅ ልጇ ታጐርስ ስለ ነበር፣ እርሷ እየከሳች መሄዷን ባየ ጊዜ ከሚስቱ ጋር ተማከረ። ልጅ ሌላ ሊወለድ ይችላል፣ እናት ግን ካለፈች አትተካም በማለት ሕፃኑን በሕይወቱ ሳለ ሊቀብሩት ቈረጡ፤ ጕድጓዱንም ሲቈፍር ከመሬት ውስጥ ወርቅ አገኘ፤ በላዩም ወርቁ ከሰማይ ለጉዎ ጁ የተሰጠ እንደ ሆነ ተጽፎበት ነበር። ሕፃኑ ዳነ፤ አባቱም ለዘለዓለም የምስጉኖች ባልንጀራ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ የሚነሣው ጥያቄ የቻይና ብቻ አይደለም፤ ከዐሥርቱ ቃላት አንዱ ወላጅን ማክበርን የሚያዝዘን እኛም የምንጠየቀው ነው። ወላጅን የማክበር ሕግ ወሰን አለውን? ወሰን ካለውስ፣ ገና መጠየቅና መሟገት ለማይችል ሕፃን ወሰን የሌለው አስመስሎ ማስተማር ይገባልን?

የቻይና ጥንታውያን ሊቃውንት ራሳቸው ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ሰጥተዋል። ሺያዎጂንግ በሚባለው፣ ስለ ወላጆች ክብር በሚናገረውና 18 ምዕራፎች ባሉት መጽሐፍ ውስጥ፣ ደቀ መዝሙሩ ዜንግዚ የአባትን ትእዛዝ ሁሉ መፈጸም ወላጅን ማክበር ይባል እንደ ሆነ ኮንፉሽየስን ቢጠይቀው፣ መምህሩ በጥያቄው ተቈጥቶ ገሠጸው፤ አባት ወደ ዓመፅ ሲያዘነብል ዝም ብሎ የሚታዘዝ ልጅ አባቱን ወደ ገደል የሚሰድድ እንጂ የሚያከብር አለመሆኑንም አስረዳው። ይኸው መጽሐፍ ገና ሲጀምር፣ ሰው ሥጋውንና ጠጕሩን ሳይቀር ከወላጆቹ የተቀበለው አደራ ስለ ሆነ ከጕዳት መጠበቁ የአክብሮት መጀመሪያ ነው ይላል። የእናቱን ደም የተካፈለውን ሕፃን ለመቅበር ዶማ ያነሣ ሰው ይህን አደራ በምን ጠበቀ? በሚንግ ዘመን የነበረው ታላቁ ሊቅ ፋንግ ሺያዎሩም የጉዎ ጁ ሥራ ወላጅን ማክበር አለመሆኑን ጽፎ ተከራክሯል፤ እኔም ከእርሱ ጋር እቆማለሁ። ይልቁንም የሚያሳዝነኝ አሮጊቲቱን የጠየቃት ሰው አለመኖሩ ነው። ከአፏ ነጥቃ ለሕፃኑ የምታጐርሰው ስለምትወደው ነበርና፣ ልጇ ሊያከብራት ብሎ ከሁሉ የምትወደውን ሊነሣት፣ እርሷንም ሳታውቅ የደሙ ምክንያት ሊያደርጋት ተነሣ።

የመጽሐፍ ነገር በመጽሐፍ ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህን ያህል ባልተጨነቅሁ። ዳሩ ግን በ1394 በሻንዶንግ አውራጃ የሚኖር ጂያንግ ቦኧር የተባለ ሰው፣ እናቱ በጠና ታማ ሳለ ብትድን ልጁን ሊሠዋ ተስሎ ነበርና፣ በዳነች ጊዜ የሦስት ዓመት ልጁን ገደለው። በዚያ ቀን ከመሬት ወርቅ አልወጣም። የሚንግ መሥራች ንጉሠ ነገሥት ሆንግዉ፣ ምሕረት በማብዛት የማይታወቀው ያ ብርቱ ገዢ፣ ወሬው በደረሰው ጊዜ ሰውየው የአባትንና የልጅን ባሕርያዊ ፍቅር አጠፋ ብሎ እጅግ ተቈጣ፤ 100 በትር አስመትቶም ወደ ሃይናን ደሴት አጋዘው። ሥርዓትን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤትም ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ከልክ ያለፈ ሥራ ከመንግሥት የክብር ምስጋና እንዳያገኝ ወሰነ።

አንባቢ በዚህ ስፍራ የአብርሃምን መሥዋዕት ማሰቡ አይቀርም፤ ማሰቡም ተገቢ ነው፤ ልዩነቱ ግን እጅግ ሰፊ ነው። አብርሃም የሄደው የሕይወት ባለቤት ጠርቶት ነው፤ ያዘዘውም አምላክ ራሱ እጁን ከለከለው፤ በይስሐቅ ፈንታ የተሠዋውም በግ በዕፀ ሳቤቅ ታስሮ ተገኘ። ጉዎ ጁን ግን ያዘዘው የለም፤ የራሱ የድኽነት ሒሳብ ነው የመራው። ደግሞም ይስሐቅ እሳቱንና እንጨቱን አይቶ የመሥዋዕቱ በግ ወዴት እንዳለ አባቱን ጠይቋል፤ መጽሐፍ ቅዱስ የልጁን ድምፅ አልዋጠውም። የጉዎ ጁ ልጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አይናገርም፤ ስሙ እንኳ አልተነገረም።

ያን ዝም ያለ ሕፃን ያየው ሌላ ሕፃን ነው። ደራሲው ሉ ሹን በልጅነቱ ይህን ባለሥዕል መጽሐፍ ከአንድ ታላቁ በስጦታ ተቀብሎ ነበር፤ በ1926 በጻፈው ድርሰት እንደ ተረከው፣ በሥዕሉ ላይ ሕፃኑ በእናቱ ክንድ ሆኖ ደስ ብሎት ይሥቃል፣ አባቱ ደግሞ ከአጠገቡ ጕድጓዱን ይቈፍራል። ሉ ሹን ይህን ካየ በኋላ ጉዎ ጁን ለመምሰል መመኘቱን ተወ፤ ይባስ ብሎ የቤታቸው ኑሮ እየተዳከመ ሲሄድ፣ አባቱ ጉዎ ጁን የመሰለ መልካም ልጅ የሆነ እንደ ሆነ የሚቀበረው እርሱ መሆኑን አስቦ ፈራ። ከሊቃውንት ሁሉ ክርክር ይልቅ ይህ የሕፃን ፍርሃት ነገሩን ይፈታዋል ብዬ አምናለሁ። መጽሐፉን ያዘጋጀው ሽማግሌ ራሱን በቈፋሪው ቦታ አቁሞ ሲመለከት፣ የሚያነበው ልጅ ግን በጕድጓዱ ውስጥ ሆኖ ያነባል፤ ለልጅ የሚጻፍ ነገርም ሊመዘን የሚገባው ልጁ ከሚቆምበት ስፍራ ነው።

ተረት ሁሉ የሚያስፈራ ነገር አለበት፣ ልጅ በፍርሃት ይጠነክራል የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ጅብና ጭራቅ የሌለበት ተረት ለልጅ አይጥመውም። ነገር ግን ጭራቅ በመጣ ጊዜ ልጅ ሮጦ የሚገባው ከአባቱ ጕያ ነው፤ እዚህ ግን የሚያስፈራው አባት ነው፤ መጽሐፉም ልጁ ይህን እንዲወድደው ያስገድደዋል። ሐዋርያው ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ ካስተማረ በኋላ፣ ወዲያው ፊቱን ወደ አባቶች መልሶ ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ ያዘዘው፣ ሕጉ በአንድ ወገን ብቻ ሲጸና ምን እንደሚያስከትል ስለሚያውቅ ይመስለኛል።

ስለዚህ ለታናናሾች በሚታተመው መጽሐፍ የሉ ጂ ብርቱካንና የሁዋንግ ሺያንግ ማራገቢያ ከነሥዕላቸው ይኑሩ፤ የጉዎ ጁ ታሪክ ግን ልጁ እስኪያድግና መሟገት እስኪችል ድረስ ይቆየው። ያን ጊዜም ለብቻው አይሰጠው፤ የዜንግዚ ጥያቄና የመምህሩ ቍጣ፣ የ1394ቱም ፍርድ በዚያው ገጽ ላይ አብረው ይታተሙ፤ ተማሪውም ለሦስት ዓመቱ ሕፃን ስም አውጥቶ፣ ሊናገር ይችል የነበረውን በራሱ እጅ እንዲጽፍለት ይደረግ።