ጭምብሉ የቱ ነው? ስለ ቅበላና ስለ ጾም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ያሉት ቀናት ቅበላ ይባላሉ። ቃሉ «ተቀበለ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ጾምን እንደ ክቡር እንግዳ መቀበል ማለት ነው። በእነዚህ ቀናት ጎረቤት ተሰባስቦ በሬ ይጥላል፤ ሥጋውን በቅርጫ ይካፈላል፤ ልኳንዳ ቤቱ ይጨናነቃል፤ አንዳንዱም እስኪሰክር ይጠጣል። ታዲያ ከጾም በፊት እንዲህ መደሰት ጾሙን ያረክሰዋልን?

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በትሪኒዳድ ደሴት፣ ፖርት ኦፍ ስፔን በምትባለው ከተማ፣ የምዕራባውያን ጾም ከመግባቱ በፊት ባሉት ሰኞና ማክሰኞ ካርኒቫል የሚባል በዓል ይከበራል። ሕዝቡ ጭምብል አጥልቆ፣ ልዩ ልዩ ልብስ ለብሶ በአደባባይ ይጨፍራል፤ በረጃጅም እንጨት ላይ ቆሞ የሚሄድም አለ። በዓሉን ወደ ደሴቲቱ ያመጡት ፈረንሳውያን ባለ እርሻዎች ነበሩ። ባሮቹ እ.ኤ.አ. በ1838 ፈጽመው ነፃ ከወጡ በኋላ ግን የራሳቸው አደረጉት፤ በጭምብል ተሸፍነውም በቀድሞ ጌቶቻቸው ላይ ያላግጡ ነበር። ረቡዕ ሲደርስ ጭምብሉ ይወልቃል፤ ምእመናኑም በግንባራቸው ዐመድ ተቀብተው ጾማቸውን ይጀምራሉ።

እኛ በቅበላ ጭምብል አናጠልቅም። ነገር ግን ሰኞ ጾሙ ሲገባ እናጠልቅ ይሆን? ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የገሠጸው በጾም ጊዜ ፊታቸውን አጠውልገው ለሰው የሚታዩትን ነው፤ የሚጾም ሰው ፊቱን እንዲታጠብም አዝዟል። እንግዲህ ከበዓሉ ጭምብል ይልቅ የጾሙ ጭምብል አደገኛ ነው።

ይህ ፈተና በጅጅጋ፣ በቶጎ ውጫሌና በአካባቢው ከተሞች ለምንኖር ክርስቲያኖች ይበረታል። ቁጥራችን ጥቂት ስለሆነ ጾማችን ማንነታችንን የምናሳይበት ምልክት ይሆናል። ምልክት መሆኑ ክፉ አይደለም፤ ምልክት ብቻ ሆኖ ሲቀር ግን ጭምብል ነው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገብተው ነበር። በቅበላ ማዕድ ሙስሊም ጎረቤታችን ከሥጋችን አይበላም፤ እኛም ከእርሱ አንበላም። ተምሩና የምስር ሳምቡሳው ግን ለሁላችንም የተፈቀደ ነው። በዓል የለየውን ማዕድ ጾም ሊያቀራርበው ይችላል።

«እንዲያውስ ቅበላ ቢቀር ምን አለ?» የሚሉ አሉ። ለዚህ መልስ አለን። ሥጋና ወተት ርኩስ አይደሉም፤ ጾም መልካሙን ነገር ለሚበልጠው ብሎ መተው ነው። ስለዚህ እግዚአብሔር የሰጠውን አመስግኖ በልቶ መተው ተገቢ ነው። ስካርና ዝሙት ግን ከዚህ አይቆጠሩም። በቅበላ ሰክረን በጾም ስካርን የምንተው ከሆነ፣ ኃጢአትን እንደ ሥጋ ቆጠርነው፤ በፋሲካ ልንመለስበት!

ደግሞ ቅበላ የሌለው ጾም አለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ በቀረ ጊዜ በሶማሌ ክልል ብዙ ከብት አለቀ፤ አርብቶ አደሩም ወተት አጣ። እኛ 55 ቀን ፈቅደን የምንተወውን እርሱ ሳይፈቅድ ተወው፤ ረኃቡ የሚያበቃበትን ቀንም አያውቅም ነበር። እኛ ወተቱን ትተን ዋጋውን በኪሳችን ካስቀረን፣ ጾማችን ከቁጠባ በምን ይለያል? ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እውነተኛውን ጾም ለተራበ እንጀራን ከመቍረስ ጋር ያያያዘው ስለዚህ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፦

1ኛ/ ቅበላን በልክና በምስጋና እናድርግ፤ ለቅርጫው ብለን አንበደር።
2ኛ/ በቅበላው ማዕድ የሚያበላው የሌለውን ሰው እንጥራ።
3ኛ/ በጾሙ ከምግባችን የተረፈውን ገንዘብ ሃይማኖቱን ሳንጠይቅ ለተራበ እንስጥ።

ይህን ያደረገ ሰው ፊቱን ማጠውለግ አያስፈልገውም። መጾሙንም እግዚአብሔርና ያበላው ሰው ያውቁለታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።