አርብ የተዘረጋ መረብ



በ2011 ዓ.ም. ክረምት የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦች የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። ብዙም ሳይቆይ «በጓሮ በር ይጨመራል» ተባለ። ይህ እውነት ከሆነ ውሸት ነው፤ አያከራክርም።

ከባዱ ሳይዋሹ መተላለፍ ነው። የሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግም የደመወዝ ጣሪያ አለው። ተጫዋቹ ለረጅም ጊዜ የተጎዳበት ክለብ ግን ምትክ እንዲያገኝ ጣሪያውን ማለፍ ይፈቀድለታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ቶሮንቶ ዴቪድ ክላርክሰንን ለኮሎምበስ ሰጥቶ ጀርባውን የታመመውን ናታን ሆርተንን ወሰደ። ሆርተን ለቶሮንቶ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። የተፈለገው ጉዳቱ ነበር። ሕጉ አልተጣሰም፤ ለተጎዳ የታሰበው እፎይታ ግን መሸሸጊያ ሆነ።

በሱረቱል አዕራፍ የተወሱትን የሰንበት ሰዎች አስታውሱ። ቅዳሜ ማጥመድ ተከለከሉ። ሙፈሲሮች እንደሚተርኩት አርብ መረብ ዘርግተው እሁድ ዓሣውን ሰበሰቡ። ቅዳሜ ማንም እጁን አላነሳም፤ ቅጣቱ ግን አልቀረላቸውም።

እኛስ? ሉማሜ ዙሪያ 30 ከብት ያለው ገበሬ ዓመቱ ሊሞላ ሲል አንዷን ጊደር ለወንድሙ «ሰጥቶ» በሳምንቱ ቢመልሳት፣ ቁጥሩ 29 ነው። ሚስኪኑ ግን ሐቁን አጣ።

ሒላ ሁሉ ሐራም አይደለም፤ ማንንም ሳይጎዳ ከጭንቅ የሚያወጣ አለ። ስለዚህ «ይፈቀዳል ወይ?» ብለን አናቁም። «ሕጉ የቆመለት ሰው ምን አጣ?» ብለንም እንጠይቅ።

አላህ ኒያችንን ያሳምርልን። አሚን።